ምክርና ገንዘብ በፖላንድ

አንድ መንግሥት የኤኮኖሚውን ሥርዓት ከመሠረቱ ለመለወጥ በተነሣ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሁለት ነገሮች ይመጡለታል፤ አንደኛው ገንዘብ፣ ሁለተኛው ምክር ነው። ገንዘቡ ያለ ምክሩ እምብዛም አይገኝም፤ ምክሩ ግን ገንዘቡን ሳያስከትል ብዙ ጊዜ ይመጣል። ከሁለቱ የትኛው አገሩን እንደ ጠቀመው ለይቶ ለማወቅ የፈለገ ሰው የፖላንድን ታሪክ ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኝበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖላንድ የተተከለው ሥርዓት ፋብሪካውንም፣ ባንኩንም፣ ንግዱንም በመንግሥት እጅ አደረገ፤ እርሻው ብቻ ከጎረቤቶቹ አገሮች በተለየ አኳኋን አብዛኛው በገበሬው እጅ ቀረ። በ1970ዎቹ ዓመታት መንግሥቱ ከምዕራብ አገሮች እየተበደረ ብዙ ፋብሪካ አቆመ። ፋብሪካዎቹ ግን በምዕራብ ገበያ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ በበቂ ስላላወጡ፣ ዕዳው እያደገ ሄዶ በ1989 ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዓመት ከሱቆች መደርደሪያ ላይ ዕቃ ጠፋ፤ ዋጋ በጨመረ ቍጥር ደመወዝ እየተጨመረ፣ ለደመወዙም ገንዘብ እየታተመ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የዋጋው ንረት ከ600 በመቶ በላይ ደረሰ። ሕዝቡም በገዛ ገንዘቡ በዝሎቲ ላይ ያለውን እምነት አጥቶ ያገኘውን ሁሉ ወደ ዶላር ለመለወጥ ይሽቀዳደም ነበር።

በሰኔ 1989 በተደረገው ምርጫ «ሶሊዳሪቲ» የተባለው የሠራተኞች ማኅበር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ካሉት 100 መቀመጫዎች 99ኙን አገኘ። ያን ጊዜ ከማኅበሩ መሪዎች ብዙዎቹ ስለ ነፃነት እንጂ ስለ በጀት ያሰቡ ሰዎች አልነበሩም። ያን ጊዜ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ጄፍሪ ሳክስ ወደ ዋርሶ የመጡትም በዚህ ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው ገና 35 ዓመት አልሞላም፤ ነገር ግን በ1985 በቦሊቪያ የዋጋ ንረት በብዙ ሺሕ በመቶ ሲቈጠር መንግሥቱን መክረው ስም አግኝተው ነበር። በፖላንድ ለሠሩት ሥራ ወጪውን የሸፈኑት በትውልዳቸው የሁንጋሪያ ሰው የሆኑት ባለጸጋ ጆርጅ ሶሮስ ናቸው።

ፕሮፌሰሩ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ ከባልደረባቸው ከዴቪድ ሊፕተን ጋር ሆነው በማኅበሩ መሪ በያሴክ ኩሮን ጠባብ ቤት ውስጥ ስለ ለውጡ ሲያስረዱ አመሹ። ኩሮንም አሳቡ በጽሑፍ ሆኖ በማግሥቱ ጧት እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ሁለቱ አማካሪዎች «ጋዜታ ቪቦርቻ» ወደ ተባለው ጋዜጣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው፣ ቀድሞ የሕፃናት መዋያ በነበረው በዚያ ክፍል ሲጽፉ አደሩ። የአንድ ታላቅ ሕዝብ ኤኮኖሚ ዕቅድ በአንድ ሌሊት ተጻፈ ሲባል የሚሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆሙት ሰዎች ዋናውን ነገር ይዘሉታል። በዋርሶ የፕላንና የስታቲስቲክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌሼክ ባልሴሮቪች የተባሉ መምህር ከ1978 ጀምሮ ወጣት የኤኮኖሚ ሊቃውንትን ሰብስበው፣ ሥርዓቱ የሚለወጥበትን መንገድ ያጠኑ ነበር። ጥናቱ በሥራ ላይ ይውላል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። በመስከረም 1989 የማዞቪየትስኪ መንግሥት ሲቋቋም ግን ባልሴሮቪች ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። እንግዲህ የውጭው ምክር በመጣ ጊዜ ታርሶ የለሰለሰ መሬት አገኘ ማለት ነው፤ ምክሩን መዝኖ የሚቀበለውም የሚመልሰውም ሰው በቢሮው ተቀምጦ ነበር።

ምክር ቤቱ በታኅሣሥ መጨረሻ 10 ሕጎች አከታትሎ አወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 1990 ጀምሮም አብዛኛው ዋጋ ከመንግሥት ቍጥጥር ነፃ ሆነ። ከተወሰነለት ልክ በላይ ደመወዝ የሚጨምር የመንግሥት ድርጅት በትርፉ ጭማሪ ላይ እስከ 5 እጥፍ የሚደርስ ግብር እንዲከፍል ታዘዘ። የዝሎቲ ምንዛሪም ለአንድ ዶላር 9,500 ሆኖ ተቈረጠ። በጥር ወር ብቻ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ገደማ ጨመረ። በየካቲት ወደ 24 በመቶ ወረደ፤ በመጋቢት 5 በመቶም አልሞላም። ሰዎችም በየመንገዱ ዳር ታጣፊ አልጋ እየዘረጉ ሥጋውንም፣ ፍራፍሬውንም፣ ከውጭ የመጣውንም ዕቃ መሸጥ ያዙ።

የውጭው ገንዘብ ሥራ የታየው በምንዛሪው ላይ ነው። መንግሥቱ በተቈረጠው ዋጋ ዶላር ለመሸጥ ቃል ቢገባም፣ ሕዝቡ በአንድ ቀን ወደ ባንክ ቢጐርፍ በግምጃ ቤቱ ያለው እንደማይበቃ ማንም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ምዕራባውያን መንግሥታት የ1 ቢሊዮን ዶላር ማረጋጊያ ገንዘብ አቆሙ፤ ከዚህም 200 ሚሊዮኑ የአሜሪካ መንግሥት ስጦታ ነበር። ገንዘቡ የተሰጠው እንዲወጣ ሳይሆን ከኋላ እንዲቆም ነው። መኖሩም ስለ ታወቀ ሕዝቡ አልተሽቀዳደመም፤ ምንዛሪውም እስከ ግንቦት 1991 ሳይናወጥ ቈየ። ዘበኛው አንድ ጥይት ሳይተኩስ ሌሊቱ ነጋ።

የሕዝቡ መከራ ግን በዚህ አልቀረለትም። ጠቅላላው የአገር ምርት በመንግሥት ቈጠራ መሠረት በ1990 ከ11 በመቶ በላይ፣ በ1991 ደግሞ 7 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ንግድ መፍረሱም ጕዳቱን አባሰው። ቀድሞ ሥራ ፈት በማይቈጠርበት አገር በ1990 መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ አጣ። ከሁሉም ይልቅ የተጐዱት በሰሜንና በምዕራብ የነበሩት የመንግሥት እርሻዎች ሠራተኞች ናቸው፤ እርሻው ሲዘጋ ቤቱም፣ የልጆቹ መዋያም፣ መጓጓዣውም አብሮ ቀረባቸውና። በዚያች ሌሊት ዕቅድ ይጻፍልኝ ያሉት ኩሮን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ስለ ነበር፣ ለሥራ ፈቱ የሚሰጠውን ድጎማ ሕዝቡ በስማቸው «ኩሮኒዩፍካ» ብሎ ጠራው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማዞቪየትስኪም በኅዳር 1990 ለፕሬዚዳንትነት በተደረገው ምርጫ ሌክ ዋሌሳና ከውጭ አገር የመጣ አንድ የማይታወቅ ነጋዴ በልጠዋቸው ሦስተኛ ሆኑ።

ከማረጋጊያው ገንዘብ ቀጥሎ የመጣው ርዳታ ሌላ መልክ ነበረው። የአውሮፓ ማኅበር በ1989 «ፋሬ» የተባለውን ፕሮግራም ለፖላንድና ለሁንጋሪያ ከፈተ፤ አሜሪካም የራሷን ድርጅቶች ላከች። ከዚህ ገንዘብ ብዙው የተከፈለው ለራሳቸው ለለጋሾቹ አገር አማካሪዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በ1989 በተከፈተው በማሪዮት ሆቴል እያረፉ፣ ጥቂት ሳምንት ሰንብተው መግለጫ ጽፈው ስለሚመለሱ ፖላንዳውያን «የማሪዮት ብርጌድ» ብለው ቀለዱባቸው። አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ጃኒን ዌዴል ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ገልጸውታል። እንደ እኔ አስተያየት የፖላንድ ባለሥልጣኖች ጥፋት እንግዶቹን መቀበላቸው ላይ አልነበረም፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ደግሞ እንዳይጠይቅ መዝገብ አለመያዛቸው ነው እንጂ።

ነገሩ ለእኛም አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከ1957 እስከ 1961 የነበረው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የአምስት ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች ረድተዋል፤ በ1992 ደግሞ ለአንድ ዶላር 2.07 የነበረው ብር 5.00 የሆነው ከዓለም የገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋር በተያያዘ የለውጥ ፕሮግራም ነው።

ፖላንድ ከወዳጆቿ ያገኘችው ትልቁ ርዳታ፣ እንደሚመስለኝ፣ የዕዳው ስረዛ ነው። በሚያዝያ 1991 «የፓሪስ ክለብ» የሚባሉት አበዳሪ መንግሥታት የሚፈለግባትን ዕዳ በግማሽ ለመቀነስ ተስማሙ፤ በ1994 ደግሞ የግል ባንኮች ተከተሉ። ምርቷም በ1992 ከቀድሞዎቹ የሶሻሊስት አገሮች ቀድሞ ማደግ ጀመረ። በ1993 ያሸነፉት የግራ ወገን ፓርቲዎች እንኳ ለውጡን መልሰው አላፈረሱትም። ታላላቆቹን ፋብሪካዎች ወደ ግል ይዞታ ማዛወሩን ግን አማካሪዎቹ ቶሎ ይለቅ ሲሉ ምክር ቤቱና የሠራተኞቹ ሸንጎዎች ሲከራከሩበት ዘገየ። ያን ጊዜ እንደ ድካም የተቈጠረው ይህ መዘግየት ንብረቱ በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳይገባ ሳይረዳ አልቀረም።

በሩሲያ የሆነው ከዚህ ልዩ ነው። ሳክስ በ1991 መጨረሻ ሞስኮ ገብተው የዬጎር ጋይዳርን መንግሥት መከሩ። በሚያዝያ 1992 ምዕራባውያን መንግሥታት የ24 ቢሊዮን ዶላር ርዳታ፣ ከዚያም ውስጥ 6 ቢሊዮን የሩብል ማረጋጊያ እንሰጣለን ብለው አስታወቁ፤ ማረጋጊያው ግን ከቃል አላለፈም። ጋይዳርም ሳክስም በጥር 1994 ሥራቸውን ለቀቁ። የመንግሥት ፋብሪካዎች ግን በኩፖን እየታደሉ ቀጠሉ፤ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሞስኮ ይሠሩ ከነበሩት የሐርቫርድ አማካሪዎች ጥቂቶቹ በዚያው ገበያ ለራሳቸው ገንዘብ አስገብተዋል ተብሎ ክስ ተመሠረተ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ2005 በስምምነት 26.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

የፖላንዱ 1 ቢሊዮን ዶላር ሳይነካ ተቀምጦ ሲቈይ፣ ለጋሾቹ ከ1993 ጀምሮ ድርሻቸው የማይመለስ ብድር የተከመረባቸውን የፖላንድ ባንኮች ለማቋቋም እንዲውል ፈቀዱ።