«ስኬፕጎት»፦ የተባረረው ፍየል

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሌሎች ባጠፉት የሚወቀስን ሰው «ስኬፕጎት» ይሉታል። ፖለቲከኛውም የእግር ኳስ ተንታኙም ይጠቀሙበታል። ቃሉ ግን የወጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው።

የፈጠረው ዊሊያም ቲንደል የተባለ እንግሊዛዊ ተርጓሚ ነው። በአገሩ እንዲተረጉም ስላልተፈቀደለት ባሕር ተሻግሮ በስደት ሠራ። በ1530 እ.ኤ.አ. አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ተርጉሞ አሳተመ። ዘሌዋውያን 16 ላይ «አዛዝኤል» የሚል አስቸጋሪ ቃል አለ። የቦታ ስም ነው የሚሉ አሉ፤ የርኩስ መንፈስ ስም ነው የሚሉም አሉ። ቲንደል ግን እንደ ጥንቶቹ የግሪክና የላቲን ትርጉሞች «የሚሄድ ፍየል» ብሎ ተረዳው። ስለዚህ «ማምለጥ» እና «ፍየል» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምሮ አንድ ቃል አደረጋቸው። በ1536 እ.ኤ.አ. ብራስልስ አጠገብ በቪልቮርድ በመናፍቅነት ተፈርዶበት ታንቆ ተገደለ፤ ሥጋውም ተቃጠለ። ቃሉ ግን በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይኖራል።

ትርጉሙ ግን ከጊዜ በኋላ ተለውጧል። በዘሌዋውያን አሮን ሁለት እጆቹን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። «ፍየሉ አጠፋ» ያለ ማንም የለም። ሕዝቡ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ አምኗል። በዛሬው አባባል ግን ኑዛዜው ቀርቶ ማባረሩ ብቻ ተረፈ።

ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ ገንዘብ ጎደለ። እኛ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ሒሳብ ያዡን ወጣት ከአገልግሎት አገድነው። ያለ ደረሰኝ ወጪ እንዲደረግ የፈቀድነው ግን እኛው ነበርን፤ የእኔም ፊርማ አለበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ እኛም ጸልየን ተበተንን። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይቅር አለኝ፤ ወደ አጥቢያችን ግን አልተመለሰም።

ዕብራውያን 13፥12 ኢየሱስ ከበር ውጭ መከራን እንደተቀበለ ይነግረናል። ኃጢአታችንን የሚሸከም አንድ ጊዜ ተገኝቷልና ሌላ ፍየል አንፈልግ። የእኛ ድርሻ መናዘዝ ነው። በቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በጉባኤያችሁ የእናንተን ጥፋት ተሸክሞ የሄደ ሰው ካለ፣ ዛሬ ፈልጉት።

ጌታ ይባርካችሁ።