የአየር ደቀ መዛሙርት

በክብረ ነገሥት እንደተጻፈው፣ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ካበረከተላት ገጸ በረከት አንዱ በነፋስ ላይ የሚሄድ መርከብ ነበረ። ኤልያስ በሠረገላ እሳት ማረጉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ ላደገ ሕዝብ፣ በአየር መሄድ ራሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው፣ ያ ኃይል በብረትና በቤንዚን ሊገኝ መቻሉ፣ ከዚያም በላይ እንደ ዜማና እንደ ቅኔ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው የሚቀስሙት ትምህርት መሆኑ ነበረ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ ዓደን በወረዱ ጊዜ የእንግሊዝን አይሮፕላኖች በረራ ተመልክተው፣ ራሳቸውም ተሳፍረው ከሰማይ ወደ ምድር አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ አገባት፤ የጀርመኑ ዩንከርስም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ነገር ግን ገንዘብ ያለው መንግሥት ሁሉ አይሮፕላን ይገዛል። በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ ጥበብ፣ አይሮፕላኖቹ ከመጡ በኋላ ብዙ ሳይውል ሳያድር ተማሪ መፈለጉ ነው።

ከተማሪዎቹም አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነው ሚሽካ ባቢቼፍ በ1923 ዓ.ም. ከተፈሪ የዘውድ በዓል አስቀድሞ የአብራሪነት ማዕርግ ሲያገኝ፣ አስፋው አሊ ተከተለው። ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። የፖቴዝ መቀመጫ ሰማይ የሚያየው ክፍት ጕድጓድ ስለነበረና የሞተሩና የነፋሱ ጩኸት ቃልን ሁሉ ስለሚውጥ፣ መምህርና ተማሪ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ተቀምጠው ከቃል ይልቅ በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር። በዚህ ላይ የሀገሩ ጠባይ ተጨመረበት፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በአዲስ አበባ ሰማይ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይጐድልበታል፤ ስለዚህ በቆላ ሜዳ ላይ ቶሎ ብድግ የምትለው አይሮፕላን እዚህ ረጅም መንገድ ካልሮጠች አትነሣም። የአውሮፓ መምህራን በመጽሐፍ ያነበቡትን ይህን ሕግ የእኛ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጃቸውና በእግራቸው ተማሩት።

በዚያው ወራት ከኒውዮርክ የመጣው የትሪኒዳድ ተወላጅ ሁበርት ጁሊያን፣ ለዘውዱ በዓል የተዘጋጀችውን ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቶ ሰበራትና ከሀገር እንዲወጣ ተደረገ። ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከእርሱ ይልቅ ያን ጊዜ በቺካጎ በትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለነበረው ሌላ ሰው ብናገር እመርጣለሁ።

ጆን ሮቢንሰን ያደገው በሚሲሲፒ ግዛት በገልፍፖርት ከተማ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 በታስኪጊ የመኪና ሞያ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ቺካጎ ወጥቶ መኪና እየጠገነ ይኖር ጀመር፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በሰማይ ነበረ። የከርቲስ ራይት የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ቆዳው ጥቁር የሆነውን ሰው ስለማይቀበል፣ ሮቢንሰን በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ገባና መጥረጊያውን ይዞ በክፍሉ ጥግ እየተመላለሰ መምህሩ የሚናገረውን በጆሮው ለቀመ። እርሱና ወዳጁ ኮርኒሊየስ ኮፊ ከጓደኞቻቸው ጋር ማኅበር መሥርተው፣ በየክፍሉ ተፈትታ የተላከች ትንሽ አይሮፕላን ገጣጥመው የሞተር ብስክሌት ሞተር አስገቡላት። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ መጥቶ ሥራቸውን ከመረመረ በኋላ ራሱ አበረራት። የመምህሩ ምስክርነትና፣ በመኪና ጥገና ሥራ አሠሪያቸው የነበረው ሰው በፍርድ ቤት እከሳለሁ ማለቱ ተደጋግፈው በሩን አስከፈቱላቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1931 ተመረቁ፤ ትምህርት ቤቱም ትናንት የከለከላቸውን ሰዎች ለጥቁር ተማሪዎች መምህራን አድርጎ ቀጠራቸው። ነጮቹ በሜዳቸው አናሳርፍም ባሏቸው ጊዜ፣ ተማሪዎቹ በሮቢንስ መንደር መሬቱን በገዛ እጃቸው ደልድለው ማረፊያ ሠሩ፤ የአይሮፕላኑን ቤት ማዕበል ነፋስ ቢያፈርስባቸውም ሌላ ቦታ ፈልገው ቀጠሉ።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ አግኝተው ለኢትዮጵያ የመለመሉት። ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ፣ በኋላ የአየር ኃይሉን አዛዥነት ከባቢቼፍ ተረከበ። አዛዥ መባል ግን የሚያዝዘው ሲኖር ነው፤ የነበሩት አይሮፕላኖች ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው ስለነበሩ፣ ሥራቸው መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች ዓድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን በከተማይቱ ውስጥ ነበረ።

በዚያው በጭንቅ ዓመት፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት አይሮፕላን ሠራ። ሞተሯ ከቼኮዝሎቫክያ የመጣ፣ ባለ 7 ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ከላይ በተናገርነው የአየር መሳሳት ምክንያት በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ የሚሰጠው ኃይል ወደ 90 ዝቅ የሚል ነው፤ እንዲያም ሆኖ በረረች። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ሠራተኞቹ ብዙ እንዲሠሩ ጊዜው አልፈቀደላቸውም፤ ጠላት በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ሲገባ ማርኮ ወደ ሀገሩ ወሰዳት፤ ሙዚየም ውስጥም አቆማት። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ያለቀሱላት ብዙዎች ናቸው፤ እኔን ይልቁን የሚቆጨኝ፣ ክንፏን የጠረቡትና ሸራዋን የወጠሩት የሀገራችን ሠራተኞች ሞያቸውን ለተማሪ የሚያወርሱበት አንድ ዓመት እንኳ አለማግኘታቸው ነው።

ጣልያን ድል ተነሥቶ ከወጣ በኋላ ሮቢንሰን ተመልሶ መጥቶ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የአየር ኃይሉ ሥልጠና በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እጅ ሆኖ በቢሾፍቱ ተደራጀ፤ ፎን ሮዘንም በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የማሠልጠኛ አይሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ከ30 ሰዓት በላይ ሳያርፍ አብርሮ አመጣት። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ ጠባቸውም ሮቢንሰንን እስከ ማሳሰር ደረሰ። ሆኖም ሀገሪቱን አልተወም። በ1946 ዓ.ም. መጋቢት ለሕመምተኛ እርዳታ ሲበር ወድቆ፣ በደረሰበት ጉዳት ዐርፎ በአዲስ አበባ ተቀበረ።

በቺካጎ ካስተማራቸው መካከል ጃኔት ብራግ የተባለች ነርስ ነበረች፤ በገዛ ገንዘቧ አይሮፕላን ገዝታ ለማኅበሩ መማሪያ ያደረገች እርሷ ናት። በኋላ ዘመን የኢትዮጵያ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ቺካጎ በሄዱ ጊዜ፣ ቤቷን ከፍታ እንደ እናት የተቀበለቻቸው ይህችው ሴት ስትሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ስለዚህ ውለታዋ ወደ ኢትዮጵያ ጋብዘዋታል።