የአደራ ክፍያ
የአደራ ክፍያ በኢንተርኔት ገበያ የማይተዋወቁ ገዢና ሻጭ ሲገበያዩ ሦስተኛ ወገን ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃው ለገዢው መድረሱ እስኪረጋገጥ ድረስ የሚያቆይበት ሥርዓት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ መጀመሪያ የተመካው ገበያተኞች እርስ በርስ በሚሰጣጡት ምስክርነት ላይ ሲሆን፣ ይህ ያለፈ ጠባይን ያሳያል እንጂ የጠፋ ገንዘብ አይመልስም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቻይናው ታኦባኦ ግን አሊፔይ በተባለው የክፍያ አገልግሎት አማካይነት አደራውን የግብይቱ ምሰሶ አደረገው። አጭበርባሪዎች ሐሰተኛ የአደራ ድረ ገጽ እስከመክፈት ስለሚደርሱ፣ ባለአደራውን ሻጩ ብቻውን ሊመርጠው አይገባም። በኢትዮጵያ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚካሄደው ግብይት በአብዛኛው ይህ ዋስትና ስለሌለው፣ ገዢው ዕቃውን አይቶ መክፈል፣ ሻጩም የደረሰኝ ምስል ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ገንዘቡ መግባቱን ከራሱ ሒሳብ ማረጋገጥ ይኖርበታል።