የበግ ጠጉር የገለጠው የሕፃናት በሽታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። አንዳንድ በሽታ ግን ማንም ሳይደብቀው ራሱ ይደበቃል። ሜንከስ የተባለው የሕፃናት ሕመም ተደብቆ የቆየው አንጀት ውስጥ ነበር።

ዶክተር ጆን ሜንከስ እ.ኤ.አ. በ1928 ቪየና ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው ለአሜሪካ የበቁ ስደተኛ ነበሩ። ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ በ1962 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአንድ ቤተ ዘመድ የተወለዱ አምስት ወንዶች ሕፃናትን ሕመም ይፋ አደረጉ። ሕፃናቱ ሲወለዱ ደኅና ይመስላሉ። ወራት ሲቆዩ ግን እድገታቸው ይገታል፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጸጉራቸው ሳስቶ፣ ቀለሙን ለቆ፣ እንደ ሽቦ እየተጠማዘዘ ይሰባበራል። ሕመሙ በእናት በኩል እንደሚተላለፍ ታወቀ፤ መንስኤው ግን አልታወቀም።

መልሱ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከበግ አርቢዎቹ አገር ከአውስትራሊያ ነው። መዳብ በጎደለው መሬት የሚግጡ በጎች ጠጉራቸው እንደ ሽቦ እንደሚሆን፣ ግልገሎቻቸውም እየተንገዳገዱ እንደሚወድቁ በዚያ አገር አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በ1972 የሜልቦርኑ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ዴቪድ ዳንክስ የሕመምተኞቹን ጸጉር ሲያዩ የበጎቹ ነገር ትዝ አላቸው። ደማቸው ሲመረመር በእርግጥም መዳብ ጎድሎት ተገኘ።

ታዲያ ጉድለቱ ከምግብ ነበር? አልነበረም። መዳቡ አንጀት ግድግዳ ድረስ ገብቶ እዚያው ታግዶ ነበር። በ1993 የተገኘው ጂን ምሥጢሩን ፈታው። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን መዳብን ከአንጀት ወደ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ፣ ጎተራው ሞልቶ አገር እንደሚራብ ሁሉ፣ አንጀት መዳብ አከማችቶ አንጎል ይራባል።

የሕፃናቱ መከራ በሆድም ይቀጥላል። መጥባት ያቅታቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ተቅማጥ ይመላለስባቸዋል። ብዙዎቹ ወደ ጨጓራ በሚገባ ቱቦ ይመገባሉ። በአንዳንዶቹ ጨጓራ ውስጥ ፖሊፕ የተባለ ትርፍ ሥጋ ይበቅላል፤ ይህም ሊደማ ወይም የምግቡን መውጫ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

በአፍ የሚሰጥ መዳብ የተዘጋውን በር አያልፍም፤ የሚረዳው ከቆዳ ሥር የሚወጋው ነው። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ መርፌውን በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የጀመሩ ሕፃናት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ አንዴ የተጎዳውን አንጎልም አይመልስም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጸጉሩ ምልክት ሲታይ ጊዜው ብዙውን ጊዜ አልፏል። በተፈጥሮ የተጠቀለለ ጸጉር ደግሞ በሽታ ስላልሆነ፣ በእኛ ልጆች ላይ ጸጉርን ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው የቤተሰብ ታሪክ ነው። ወንድሟ፣ አጎቷ ወይም ወንድ ልጇ በዚህ በሽታ የታመመ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ በጨቅላነቱ ያረፈ እናት፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ይህን ለሐኪሟ ብትናገር ምርመራው በወቅቱ ይደርሳል። የቤተሰብን ገመና ማውጣት አይደለም፤ ለሚወለደው ልጅ ጊዜ መግዛት ነው።