ንጣፍ ናዳ፦ ከእግር ሥር የሚነሣው በረዶ

ናዳ ሲባል ለእኛ ከላይ የሚመጣ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተራራው ውሃ ይጠግብና አፈሩ ተንዶ ከታች ያለውን ቤትና ማሳ ይቀብራል። በአልፕስ ተራሮች በስኪ የሚጓዙ ሰዎችን የሚገድለው የበረዶ ናዳ ግን በአብዛኛው ከላይ አይወርድባቸውም። የቆሙበት በረዶ ራሱ ተሰንጥቆ ይዟቸው ይሄዳል። እንግሊዞች «ስላብ አቫላንች» ይሉታል፤ ጀርመኖች የበረዶ ሳንቃ ብለውታል። በዚህ ጽሑፍ «ንጣፍ ናዳ» እለዋለሁ። የግንባታ ሠራተኛ «የሶሌታ ናዳ» ቢለው ይቀለው ይሆናል፤ አልተሳሳተም፣ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ጉዞው ራሱ ምን እንደሆነ። ስኪ ቱሪንግ፣ ማለትም የተራራ ስኪ ጉዞ፣ በገመድ መኪና ወጥቶ በተደለደለ መንገድ መንሸራተት አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ከተወዳደረበት አገር አቋራጭ ስኪም ይለያል። እዚህ ተጓዡ ማንም ያልደለደለውን ተራራ በራሱ ጉልበት ይወጣል። ለዚህም በስኪው ሆድ ላይ ወደ ፊት የሚያስኬድ፣ ወደ ኋላ ግን የማያንሸራትት ጠጉራም ጨርቅ ይለጥፋል፤ ድሮ ከአቆስጣ ቁርበት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ከአንጎራ ፍየል ጠጉርና ከናይለን ነው። ጫፍ ሲደርስ ጨርቁን ልጦ ይወርዳል። የሼርሎክ ሆልምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1894 ከዳቮስ ተነሥቶ ተራራውን በስኪ አቋርጦ አሮዛ ገብቷል። በዚያን ዘመን ለናዳ የሚያስጠነቅቅ ተቋም አልነበረም፤ ዛሬ የስዊዘርላንድ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም የሚገኘው እዚያው ዳቮስ ውስጥ ነው።

ንጣፍ ናዳ እንዲነሣ በበረዶው ውስጥ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ከላይ የተያያዘ የበረዶ ንብርብር፣ ከሥሩ ደግሞ ደካማ ንብርብር። ደካማው የሚሠራው ብዙ ጊዜ በማዕበል ሳይሆን በጸጥታ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ አመዳይ ያብባል፤ ውብ ነው፣ ግን አንዱ ቅንጣት ከሌላው አይያያዝም። ወይም መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሆኖ አየሩ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ፣ በመካከላቸው ባለው ስስ በረዶ ውስጥ እንፋሎት ወደ ላይ ይጓዝና ቅንጣቶቹን እንደገና ይቀርጻቸዋል፤ በመጨረሻ ስኳር መስለው ይቀራሉ፣ በእጅ ቢጨብጧቸው ይፈስሳሉ። በዚህ ላይ አዲስ በረዶ ይወርድበታል። ነፋስ ደግሞ ቅንጣቶቹን እየሰባበረ ከሸንተረሩ ማዶ ወስዶ ይከምራቸውና ይጠቀጥቃቸዋል። ሶሌታው የተሞላው ያኔ ነው፤ የተሸከሙት ግን የበሰበሱ ቋሚዎች ናቸው። አንድ ሰው ሲረግጠው አንዱ ቋሚ ይሰበራል፣ ያኛው ጎረቤቱን ይሰብራል፣ ስብራቱም ከበረዶው ሥር እየሮጠ ቁልቁለቱን ሙሉ ያዳርሳል። «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ መስማት የዚህ ምልክት ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ ሰውየው ይደነግጣል እንጂ አይጎዳም። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን ንጣፉ ይወርዳል። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር፣ ርዝመቱ 80 ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሜትር ኩብ 200 ኪሎ ቢመዝን እንኳ 400 ቶን በረዶ ተነቀለ ማለት ነው።

ራሱ የሚነሣም አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1999 በኦስትሪያዋ ጋልትዩር መንደር ላይ የወረደው 31 ሰው ሲገድል የቀሰቀሰው ሰው አልነበረም፤ ለሳምንታት የወረደው በረዶ በቃው። በስኪ ተጓዦች ዘንድ ግን ታሪኩ ይገለበጣል፦ ለሞት ካበቁት አደጋዎች ከ10 ዘጠኙን ገደማ የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም የጉዞ ጓደኛው ነው። «ናዳ ደረሰባቸው» ብሎ መዘገብ ለእነሱ የማይገጥመውም ለዚህ ነው።

አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አደጋውን ከ1 እስከ 5 በሚደርስ መለኪያ ይገልጻል። በእኔ ግምት ሰውን የሚያታልለው 3 ቁጥር ነው፤ መካከል ላይ ስለተቀመጠ መካከለኛ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሞተው በእሱ ቀን ነው። 4 እና 5 ሲሆን ብዙዎች ቤታቸው ይቀራሉ፤ በ3 ቁጥር ቀን ማዕበሉ አልፎ ፀሐይ ትወጣለች፣ ያልተረገጠው በረዶም ይጣራል።

ተጓዦች 457 ኪሎኸርዝ ላይ የሚሠራ የሬዲዮ ምልክት ሰጪ፣ ተገጣጣሚ ዘንግና አካፋ ይይዛሉ። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር መጠበቅ የሚቻል አይደለም፦ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ ከ10 ዘጠኙ ይተርፋሉ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሦስቱ ገደማ። ቆፋሪው ያው አብሮ የነበረ ጓደኛ ነው። አብረው የሚሄዱ ሰዎች አደገኛ ቁልቁለት ላይ አንድ በአንድ የሚሻገሩት፣ ሌሎቹ ደህና ቦታ ቆመው የሚያዩት ለዚሁ ነው።

ከአሜሪካ ግዛቶች በበረዶ ናዳ ብዙ ሰው የሚሞተው በኮሎራዶ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዴንቨር ተነሥቶ ተራራው ላይ ለመድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። በበረዷማው ወቅት የዕለቱ ማስጠንቀቂያ በየቀኑ በነጻ ይወጣል። በስኪም ሆነ በእግር ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንብቡት፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ደካማው ንብርብር በየትኛው ከፍታና በየትኛው የተራራው ፊት እንዳለ የሚናገረውን አንቀጽም ጭምር።