በሩ የማይንኳኳበት ቤት

ለከያኒ ከሁሉ የሚቸግረው ነገር ምንድን ነው? ገንዘብ የሚል ይኖራል፤ ዕውቅና የሚልም አይጠፋም። በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፒተርቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው የከያንያን ማረፊያ የተመሠረተው ግን በሌላ መልስ ላይ ነው። ይኸውም ያልተቆራረጠ ቀን ነው።

የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ማክዳወልና ባለቤቱ ማሪያን በዚያ የእርሻ ቦታ የያዙት በ1896 ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማክዳወል ለድርሰቱ ጊዜ የሚያገኘው እዚያ ጫካ ውስጥ በተሠራችለት የግንድ ጎጆ ነበር። ማሪያንም ሥራውን እንዳታቋርጥበት ምሳውን በቅርጫት አድርጋ ከደጃፉ ታስቀምጥለት ነበር ይባላል። ማረፊያው በ1907 ተመሠረተ፤ ማክዳወል በዓመቱ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማሪያን ታሪክ ነው። ፒያኖ ተጫዋች ነበረችና በየከተማው እየዞረች ትርዒት በማሳየት ለማረፊያው ገንዘብ ሰበሰበች። በ1938 የተነሣው ከባድ አውሎ ነፋስ ደኑን ሲጥለው፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ይህች ሴት እንደገና ለልመና ተነሣች። ያረፈችው በ1956 ነው።

የማረፊያው ሥርዓት ቀላል ነው። ሠዓሊው፣ ደራሲውና ሙዚቀኛው እየራሳቸው በዛፎች መካከል የሥራ ቤት ይሰጣቸዋል። ምሳ በቅርጫት ከደጅ ይቀመጣል። ሳይጋበዝ የሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ማታ ግን ሁሉም በአንድ ማዕድ ይገናኛል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ቀን ብቻውን ከሥራው ጋር የታገለ ሰው፣ ማታ ከሌላ ሙያና ከሌላ አገር ሰው ጋር እየተጨዋወተ የራሱን ሥራ በሌላ ዓይን ያያል።

ፍሬውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቶርንተን ዋይልደር በ1938 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘበትን «የእኛ ከተማ» የተባለ ተውኔት ሲጽፍ እዚያ ሠርቷል። ብዙ የአሜሪካ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ለጥቁር ሰው ዝግ በነበሩበት በ1950ዎቹ፣ ጄምስ ባልድዊን በዚያ ማረፊያ ተቀምጦ ጽፏል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? አይመስለኝም። ቅኔ ፈላጊው ተማሪ ዘመድ ከሚጠራበት፣ እርሻ ከሚያዝበት ቀዬ ርቆ ወደ ማያውቀው አገር የሚሄደው ለዚሁ አልነበረምን? አባቶች ሱባኤ የሚገቡትስ ለምንድን ነው? ዛሬ ግን በሩን ዘግቶ የሚጽፍ ሰው ኮራ፣ ሰው ጠላ ይባላል። ለቅሶውና ሠርጉ፣ ማኅበሩና ቡናው ተራ በተራ ይጠሩታል። ድርሰቱም ሲጀመር እንጂ ሲፈጸም አይታይም።

ይሁን እንጂ ጉዞው ተአምር አይሠራም። ማረፊያው የሚቀበለው የሥራ ናሙና አቅርቦ የተመረጠውን ነው፤ ዝምታውም ያልተጀመረውን አይጽፍለትም። ባዶ እጁን የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሥራ ይዞ የሄደ ግን ከሥራው ሌላ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ያልተቆራረጠ ቀን ምን እንደሚመስል ማወቁ ነው። ያን ያወቀ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቢያንስ የማለዳዋን አንድ ሰዓት ለማንም አሳልፎ አይሰጥም።