የደራሲው ድምፅ፦ ከ«ተቀበል» እስከ ሸክላ

መግቢያ

ዘፈን በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ባዜመው ሰው ስም ነው። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን ያፈለቀውና ሙዚቃውን ያቀናበረው በካሴት ሽፋን ጥግ በደቃቅ ፊደል ይሰፍሩ ነበር፤ በሬዲዮና በሰርግ ዳስ ብዙውን ጊዜ አይነሡም። ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው ደራሲ በሌላ ድምፃዊ የታወቀ ሥራውን ራሱ ሲያዜመው የሚገኘውን ዕውቀት ነው። መከራከሪያዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ቅጂ ለዘፈኑ ትርጉም ዋና ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ በሰሜኑ የአዝማሪ ሥርዓት ደራሲው ሁልጊዜ ይሰማ ነበር፤ ይህ ልማድ ወደ ሸክላና ካሴት በአብዛኛው አልተሻገረም።

ደራሲው ቀድሞ የሚሰማበት ሥርዓት

ጎንደር በአዝማሪ ጥበብ ስሟ የገነነ አገር ናት። ከከተማዋ ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ እስከ ዛሪማ ባለው አገር ሰርግ ያለ ጨዋታ አይደምቅም። አዝማሪ በተገኘበት ጨዋታ አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን በንግግር ድምፅ ያቀብላል። አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆ አዋዝቶ ለተሰበሰበው ይመልሳል።

በዚህ ሥርዓት ግጥሙ የማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚሰማውም የደራሲው አንደበት ነው። አዝማሪው ያከለውና ያለዘበው ነገር ወዲያው ይለያል። ለሰምና ወርቅ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኅብረ ቃሉ የሚፈታው ተናጋሪው በሚያርፍበት ቦታ ነውና፣ ዜማ ቃሉን ሲያስረዝመው ወርቁ ሊሸፈን ይችላል፤ ሲያሳጥረውም ያለጊዜው ሊገለጥ ይችላል። ንግግሩንና ዜማውን አከታትሎ የሰማ አድማጭ ግን አይሳሳትም።

አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት አዝማሪን ባለቅኔም ሙዚቀኛም አድርጎ አቅርቦታል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴም የጎንደርን አዝማሪዎች በፊልም መዝግቧል። በእነዚህ ላይ መታከል ያለበት፣ በ«ተቀበል» ጊዜ ባለቅኔነቱን ከአዝማሪው ጋር የሚካፈለው አድማጭ ነው።

የሥራ ክፍፍል በሸክላ ዘመን

ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን የተቀረጹት የተሰማ እሸቴ ዘፈኖች ይገኛሉ። ተሰማ ገጣሚም ዘፋኝም ስለነበረ በእነዚያ ሸክላዎች የደራሲውና የዘፋኙ ድምፅ አንድ ነው። በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የሀገር ፍቅር የሙዚቃ ክፍሎች ሲጠናከሩ ሥራው ተከፋፈለ፤ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ድምፃዊ በየፊናቸው ቆሙ። ክፍፍሉ ጥበቡን አሳድጎታል። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ ከሌሎች ብዕርና ዜማ ጋር የተገናኘው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 የሠራው አምሐ ሪከርድስ ሸክላን የከተማ ወጣት መዝናኛ ሲያደርገው ግን ገበያው የያዘው የድምፃዊውን ስምና ፎቶግራፍ ነው።

ግርማ በየነ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፒያኖ ተጫዋች፣ አቀናባሪና ደራሲ ሆኖ ለዘመኑ ድምፃውያን ብዙ ሠርቷል፤ በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው ግን ጥቂት ነው። የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እ.ኤ.አ. በ1977 በዋልያስ ባንድ አልበም ወጥቶ በባንዱ ስም ታወቀ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ግርማ እዚያው ቀረ፤ ከሙዚቃው ዓለምም ለረጅም ዓመታት ራቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የቀረጸው አልበም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ወጣ። በወጣትነቱ በሌሎች ድምፅ ጀርባ የነበረው ሰው በእርጅናው ፊት ለፊት ሲያዜም ተሰማ።

ሦስት ዓይነት ቅጂዎች

የውጭው ልምድ እነዚህን ቅጂዎች ለመለየት ይረዳል። አንደኛው ከዝናው በፊት የተቀረጸው ነው። ፕሪንስ «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ»ን እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ቀርጾት ነበር፤ ዓለም ዘፈኑን ያወቀው ግን በ1990 በሺኔድ ኦኮነር ድምፅ ነው። የፕሪንስ የ1984 ቅጂ ለሕዝብ የደረሰው እሱ ካረፈ በኋላ በ2018 ነው። ሁለተኛው ዝናን ተከትሎ የመጣ ምላሽ ነው። ካሮል ኪንግ በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ያነገሠችውን ዘፈን በ1971 «ታፔስትሪ» አልበሟ ፒያኖዋን ይዛ በለሆሳስ አዜመችው። ሦስተኛው የግርማን የመሰለ የዘገየ ቅጂ ነው፤ ዕድሜና ስደት በድምፁ ላይ ያሳደሩት ሁሉ ይሰማበታል።

የመጀመሪያው ዓይነት ምስክርነቱ ይበረታል፤ ደራሲው የድምፃዊውን አተረጓጎም ገና አልሰማምና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ የደራሲና የድምፃዊ ውይይት ናቸው። በእኛ ሀገር ዜማ በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ ስለሚተላለፍ፣ ደራሲው ለድምፃዊው አንጎራጉሮ በካሴት ወይም በስልክ የሚሰጠው ቅጂ ከመጀመሪያው ዓይነት ይመደባል። ዘፈኑ ሲወጣ ግን ይህ ቅጂ ዋጋ እንደሌለው ተቆጥሮ ይጣላል።

ማጠቃለያ

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ከድምፃዊው ለይቶ አስቀምጧል። ደራሲው በስሙ እንዲጠራ ይደነግጋል፤ የኢኮኖሚ መብቱንም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ሕጉ ስሙን ያስከብር እንጂ ድምፁን አይመዘግብም። መመዝገቡ የእኛ ድርሻ ነው። ድምፃዊውን ማክበር ደራሲውን መርሳት አይደለም፤ ታላቅ ድምፃዊ ምን እንደጨመረ በእርግጥ የሚታወቀውም የደራሲው ቅጂ ከጎኑ ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የሬዲዮ ጣቢያዎቻችን በሕይወት ያሉ የግጥምና የዜማ ደራስያንን ፈልገው፣ የታወቁ ሥራዎቻቸውን በገዛ አንደበታቸው ያስቀርጹ። በየቤቱ ያሉ የልምምድ ካሴቶችም ሳይበላሹ ይሰብሰቡ። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደራስያኑ ካለፉ በኋላ ግን በየትኛውም ገንዘብ አይሠራም።